ከጭነቱ በፊት ሰው

አል ራሺዲያ ከዱባይ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ የቆየ የመኖሪያ ሰፈር ነው። የሚከተለው ምልልስ በዚህ ሰፈር በሚኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን መካከል የተደረገ ነው። መርከበኛው በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ ኋላም በንግድ መርከቦች ሞተር ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ከልጃቸው ቤት የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። አስጫኟ ዱባይ ዴራ ውስጥ ባለ የካርጎ ቢሮ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ዕቃ ትልካለች። በምልልሱ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስጫኟ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ስለ ባሕር ደኅንነት ሲነሣ «ኢትዮጵያም የባሕሩ ባለጉዳይ ናት» ብለው ነበር። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ወደብ የለን፣ የባሕር ዳርቻ የለን። ባለ ባሕሮቹ ተስማምተው መንገዱን ከጠበቁልን እኛ ኪራዩን ከፍለን እናልፋለን። ከዚህ በላይ ምን ድርሻ አለን?

መርከበኛው፦ መልሱ በየቀኑ የምትሠሪው ሥራ ውስጥ አለ። እስኪ ንገሪኝ፣ በ2023 መጨረሻ ቀይ ባሕር ላይ መርከብ መመታት ሲጀምር ቢሮሽ ውስጥ ምን ተለወጠ?

አስጫኟ፦ ያልተለወጠ ነገር አለ? ኖቬምበር 19 ቀን የየመን ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የምትባለውን የመኪና ማጓጓዣ መርከብ ያዙ። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች የባብ ኤል መንደብን ሰርጥ ትተው አፍሪካን በደቡብ ጫፏ መዞር ጀመሩ። ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚሄደው መርከብ ጉዞው ላይ ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ጨመረ። ደንበኞቼ ታዲያ ይሞግቱኝ ነበር። «የእኛ ዕቃ ከዱባይ ጀበል አሊ ወደብ ተነሥቶ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አድርጎ ጅቡቲ ይገባል፤ ባብ ኤል መንደብን አያልፍም፤ ታዲያ ለምን ተጨመረብን?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ጅቡቲ ወደብ የሚገኘው ከሰርጡ በስተደቡብ ነው። ግን መድን ሰጪዎች የስጋት ቀጣና ሲያሰምሩ የኤደንንም ባሕረ ሰላጤ ጨምረው ነው። መርከቦች ረጅሙን መንገድ ሲይዙ ደግሞ ባዶ ኮንቴይነር በጊዜው አይመለስም፤ የተገኘውም ይወደዳል።

መርከበኛው፦ ከሰሜን የሚመጣውስ? የሞሮኮ ማዳበሪያ፣ የጥቁር ባሕር ስንዴ?

አስጫኟ፦ እሱ በሱዌዝ ነው የሚመጣው፤ ሰርጡን ሳያልፍ ጅቡቲ አይገባም። ማዳበሪያ ደግሞ ከዘገየ ዘገየ ነው፤ ክረምቱ አይጠብቀውም።

መርከበኛው፦ እንግዲህ የጎጃም ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ዳፕ ማዳበሪያ የሚያልፍበት ሰርጥ ሲዘጋ ገበሬው ይጎዳል። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከመቶ ዘጠናው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ባሕሩ ሲታመም ቀድመው ከሚያቃስቱት አንዱ እኛ ነን። ባለጉዳይነታችን ከዚህ ይጀምራል። ይህን ደግሞ መንግሥታችን ፈርሞ አምኖበታል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ።

አስጫኟ፦ የምን ፊርማ?

መርከበኛው፦ የጅቡቲ የሥነ ምግባር ደንብ ይባላል። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት የአካባቢውን አገሮች ጅቡቲ ላይ ሰብስቦ ጃንዋሪ 29 ቀን 2009 አስፈረማቸው። በመጀመሪያው ቀን የፈረሙት ዘጠኝ ናቸው፦ ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ማዳጋስካር፣ ማልዲቭስ፣ ሲሸልስ፣ ሶማሊያ፣ ታንዛኒያና የመን። ከዘጠኙ የባሕር ዳርቻ የሌላት ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ይህች የምንኖርባት አገርም ኋላ ገብታበታለች። ደንቡ መረጃ መለዋወጥን፣ ወንበዴን አብሮ ማደንንና ለፍርድ ማቅረብን ይመለከታል። ሰንዓ፣ ሞምባሳና ዳሬሰላም ላይ የመረጃ ማእከሎች፣ ጅቡቲ ላይ ማሠልጠኛ ተቋቋመ። በ2017 ጅዳ ላይ ሲሻሻል ከውንብድና አልፎ ሕገወጥ ዓሣ ማጥመድን፣ የጦር መሣሪያና የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውርን፣ በሰው መነገድንና መርዛማ ቆሻሻ መጣልን ጭምር ያዘ። ኢትዮጵያ እዚያም ላይ ፈርማለች።

አስጫኟ፦ ያስገድዳል?

መርከበኛው፦ አያስገድድም። በፈቃደኝነት የሚሠራ ደንብ ነው።

አስጫኟ፦ ያ ከሆነ እኔ በወረቀቱ ብዙ አልጽናናም። ውንብድናውን ያቆመው ፊርማ አይደለም፣ ጡንቻ ነው። በ2011 የዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳዮች ቢሮ 237 የሶማሊያ ወንበዴዎች ጥቃት መዘገበ። የአውሮፓ ኅብረት፣ የኔቶ፣ የሕንድ፣ የቻይናና የሌሎች አገሮች የጦር መርከቦች ገቡ፤ የንግድ መርከቦችም የታጠቀ ዘብ መጫን ጀመሩ። እዚሁ ዱባይ በዚያ ዓመት ኤፕሪል ላይ የኤምሬትስ መንግሥትና የወደብ ኩባንያው ዲፒ ወርልድ የፀረ ውንብድና ጉባኤ ጠሩ። በዚያው ወር የኤምሬትስ ልዩ ኃይል አሪላህ የምትባለዋን መርከብ ከወንበዴዎች እጅ አስለቀቀ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ መርከብ መጥለፍ ከሞላ ጎደል ቀረ። መድኑም ረከሰ። እኔ ይህን ነው በሥራዬ ያየሁት።

መርከበኛው፦ ጡንቻው ሠርቷል፤ አልክድም። ግን ምን ያህል ዘለቀ? ጃንዋሪ 2023 ላይ የመርከብ ማኅበራት የሕንድ ውቅያኖስን «ከፍተኛ ስጋት ያለበት ቀጣና» ማለታቸውን ተዉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሩዌን የምትባል መርከብ ተጠለፈች። ማርች 2024 ላይ አብዱላህ የተባለች የባንግላዴሽ መርከብ ከሞዛምቢክ የድንጋይ ከሰል ጭና ወደዚህ አገር ሐምሪያ ወደብ ስትመጣ ከ23 ባሕረተኞቿ ጋር ተያዘች። ሐምሪያ የደረሰችው ከወር በኋላ ስትለቀቅ ነው። የጦር መርከቦቹ ፊታቸውን ወደ ቀይ ባሕር ባዞሩ ጊዜ ወንበዴው ተመለሰ። ዘብ ዞር ሲል የሚመለስ ችግር ሥሩ መሬት ውስጥ አለ ማለት ነው።

አስጫኟ፦ ሥሩ ምንድን ነው ይላሉ?

መርከበኛው፦ በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ አጣ። የውጭ አገር ትልልቅ ዓሣ አጥማጅ መርከቦች እየመጡ ቱናውንና ሎብስተሩን ያለ ፈቃድ አፈሱት። የአገሬው አጥማጅ መረቡ ተቆረጠበት፤ መርዛማ ቆሻሻም ተጣለበት። መጀመሪያ መሣሪያ ይዞ የወጣው «ባሕሬን ልጠብቅ» ብሎ ነው። በኋላ ግን ከመጠበቅ ይልቅ ቤዛው በለጠበት።

አስጫኟ፦ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ጋሼ። ዓሣው ለወንበዴዎች ጥሩ ሰበብ ሆኗቸዋል። የዓለም ባንክ በ2013 ባወጣው ጥናት ከ2005 እስከ 2012 ድረስ ከ339 እስከ 413 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቤዛ መከፈሉን ገምቷል። ትልቁን ድርሻ የወሰዱት ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ናቸው፤ ጀልባ ላይ የወጣው ልጅ ከዚያ ጥቂቱን ነው ያየው። ይህ ነግዶ የማትረፍ ጉዳይ እንጂ የተበደለ አጥማጅ ቁጣ አይደለም።

መርከበኛው፦ ስለ ባለገንዘቡ ያልሽው ልክ ነው። እሱን የጦር መርከብ አይይዘውም፤ የሚይዘው ባንክ ተቆጣጣሪና ፍርድ ቤት ነው። ያም አንድ አገር ለብቻው የሚችለው አይደለም። ነገር ግን ባለገንዘቡ ራሱ ጀልባ ላይ አይወጣም። የሚወጣለትን ወጣት ከየት ያገኘዋል? ባሕሩ ከተራቆተበት፣ ሌላ ሥራ ከሌለበት ዳርቻ ነው። ዓሣው ቢኖር፣ ገበያ ቢኖረው፣ ከሌባ የሚጠብቀው የራሱ ዘብ ቢኖር፣ ባለገንዘቡ የሚቀጥረው ሰው ለማግኘት ይቸገር ነበር። ስለዚህ ዓሣውን መጠበቅና መርከቡን መጠበቅ ሁለት የተለያየ ጉባኤ የሚጠራላቸው ነገሮች አይደሉም።

አስጫኟ፦ ዓሣን መጠበቅ ግን በቃል ቀላል ነው። በሥራ አይተው ያውቃሉ?

መርከበኛው፦ እዚሁ አገር አየሁ። ሐሙር ለዚህ አገር ሰው የክብር ዓሣ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲጠመድ ኖሮ ሊያልቅ ደረሰ። አቡ ዳቢ ውስጥ ዘላቂ በሆነ መንገድ የሚጠመደው ዓሣ በ2018 ከመቶ ዘጠኝ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2019 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ጋርጉር የሚባለውን የሽቦ ወጥመድ ከለከለ፤ ሌሎችም ገደቦች ጣለ። በ2023 መጨረሻ ያ መለኪያ ከመቶ 97 አለፈ። ሸዕሪና ሳፊ የሚባሉትንም ዓሣዎች በመራቢያ ወራቸው፣ በማርችና በኤፕሪል፣ ማጥመድ ክልክል ነው። ገደቡ ከባድ ነው፤ አጥማጁን ይጎዳዋል። ሆኖም የሚያስከብረው መንግሥት ስላለ ባሕሩ አገገመ። የሶማሊያ ዳርቻ ያጣው ይህን የሚያስከብር እጅ ነው።

አስጫኟ፦ ይህ ግን የአንድ አገር ሥራ ነው። እርስዎ የሚሉት ስለ ትብብር ነው።

መርከበኛው፦ ወደዚያ እየመጣሁ ነው። በ2008 በዚህ አገር ምሥራቃዊ ዳርቻና በኦማን በኩል ቀይ ማዕበል የሚሉት ነገር ተነሣ። ደቃቅ የባሕር ዕፅ ከመጠን በላይ ተራብቶ ውኃውን አቀላው፤ ዓሣ ፈጀ፤ በሆርሙዝ ሰርጥ ገብቶ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ተስፋፋ፤ እስከ 2009 ቆየ። የባሕር ውኃን ጨው የሚያጣሩ ፋብሪካዎች ሥራ ያቆሙበት ጊዜ ነበር። ራሺዲያ ላይ ቧንቧ ስንከፍት የሚወርደው ውኃ ከየት የመጣ ይመስልሻል?

አስጫኟ፦ ከባሕሩ ነው። ጀበል አሊ ነው የሚጣራው።

መርከበኛው፦ አዎ። ይህ ባሕረ ሰላጤ ጥልቀቱ በአማካይ 35 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ መውጫውም አንድ ጠባብ ሰርጥ። አንዱ አገር ያፈሰሰው ዘይት ሌላው በሚጠጣው ውኃ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው በ1978 ኩዌት ላይ ስምንት አገሮች የባሕሩን አካባቢ ለመጠበቅ የተዋዋሉት። ኢራንም ኢራቅም ሳዑዲም ኤምሬትስም አሉበት። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ኢራንና ኢራቅ ጦርነት ገጠሙ፤ ውሉ ግን አልፈረሰም። በሌላ ነገር የማይስማሙ አገሮች ስለሚጠጡት ውኃ ለመነጋገር አንድ ገበታ አላቸው። ቀይ ባሕርም የራሱ ውል አለው፤ በ1982 ጅዳ ላይ የተፈረመ። በእነዚህ ገበታዎች ላይ ጠላትም ተቀምጦ ይሠራል።

አስጫኟ፦ ሠርቶ የታየ ነገር ይጥሩልኝ። ስብሰባማ ሁልጊዜ አለ።

መርከበኛው፦ ሴፈርን ታስታውሻለሽ? የየመን ራስ ዒሳ አጠገብ ቆማ የነበረችው የዘይት ማከማቻ መርከብ። በ1976 የተሠራች፣ በጦርነቱ ምክንያት ጥገና ያጣች፣ ሆዷ ውስጥ 1.1 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ዘይት የነበረባት። ብትሰነጠቅ ሆዴይዳ ወደብ ይዘጋል፤ የየመን አጥማጅ ባዶውን ይቀራል፤ ኮራሉ ይሞታል፤ የመርከብ መንገዱም ይታወካል። ለማጽዳት ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ይፈልጋል ተብሎ ተገምቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ገንዘብ ከመንግሥታት፣ ከኩባንያዎች፣ ከተራ ሰዎች ሳይቀር አሰባሰበ። ሁቲዎችም ሆኑ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው የየመን መንግሥት ፈቀዱ። ዘይቱን የምትረከበው መርከብ ጅቡቲ ቆይታ ሄደች። ጁላይ 25 ቀን 2023 መገልበጥ ጀመሩ፤ ኦገስት 11 ቀን ጨረሱ። እኔ ሕይወቴን ሞተር ክፍል ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ያን የበሰበሰ ብረት ሳይፈነዳ ባዶ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እርስ በርሳቸው እየተዋጉ ያሉ ሰዎች ለባሕሩ ሲሉ ተስማሙ። የሆነ ነገር ነው።

አስጫኟ፦ አምናለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ሩቢማር ሰጠመች። ፌብሩዋሪ 2024 ተመትታ፣ ማርች 2 ቀን ከ21,000 ቶን ማዳበሪያ ጋር ወደ ቀይ ባሕር ወለል ወረደች። አንዱን አደጋ በገንዘብ አስቀሩት፤ ሌላውን በሚሳይል አመጡት።

መርከበኛው፦ ልክ ነሽ። ጦርነቱ ካልቆመ የባሕሩ ሥራ ሁሉ እየተሠራ የሚፈርስ ነው። ሆኖም ከሴፈር አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ አገሮች አደጋው ከመድረሱ በፊት ዋጋው ሲታያቸው ይንቀሳቀሳሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በዚያው ባሕር ላይ በየወሩ የሚደርስ አደጋ አለ፤ ዋጋውን የሚያሰላ ግን የለም።

አስጫኟ፦ የስደተኞቹን ጀልባ ነው የሚሉት።

መርከበኛው፦ እሱን ነው። ጁን 10 ቀን 2024 በየመን ሻብዋ ዳርቻ 260 ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች የጫነች ጀልባ ተገለበጠች፤ 49 ሞቱ፣ 140 ጠፉ። ማርች 2025 ላይ በየመንና በጅቡቲ ዳርቻ አራት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ180 ሰው በላይ ጠፋ። ኦገስት 3 ቀን 2025 በአብየን ዳርቻ ከ150 ሰው በላይ የጫነች ጀልባ ሰጠመች፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኢትዮጵያውያን ናቸው። መጀመሪያ 68 ሞቱ ተባለ፤ ቁጥሩ ኋላ ከ90 አለፈ። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በ2024 ብቻ በዚህ መስመር 558 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። የወሎ ልጅ፣ የራያ ልጅ፣ የጅማ ልጅ፣ የአርሲ ልጅ ነው። እንግዲህ «ኢትዮጵያ ባሕሩ ላይ ምን ድርሻ አላት?» ላልሽኝ መልሱ ይሄ ነው። ባሕሩ ላይ በብዛት የሚሞተው የእኛ ሰው ነው።

አስጫኟ፦ ጋሼ፣ ልቤ ከእርስዎ ጋር ነው። ግን ሌላው የሚለውን ልበል። ልጆቹ የሚሳፈሩት ሕግ ጥሰው ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው ለደላላ ነው። ባሕሩ ላይ የሚያድን መርከብ ቢቆም ደላላው «አትፍሩ፣ ያወጧችኋል» ብሎ እጥፍ አይጭንም? መንግሥታትም የሚፈሩት ይህንኑ ነው።

መርከበኛው፦ አሁንም እኮ ሊያወጣቸው ቆሞ የሚጠብቅ መርከብ የለም፤ ደላላው ግን ጀልባውን አፍ እስከ ገደፍ መጫኑን አልተወም። በ2024 ብቻ ከ60,000 ሰው በላይ ተሻግሮ የመን ገብቷል። ልጁን ወደ ጅቡቲዋ ኦቦክ የሚያወርደው የአዳኝ መርከብ ወሬ አይደለም፤ የቤቱ ማጣት፣ ጦርነትና የደላላ ምላስ ነው። ደግሞ ሲሄዱ ብቻ አይደለም የሚሞቱት። ኦክቶበር 2024 ላይ 310 ሰዎች በሁለት ጀልባ ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ አሻጋሪዎቹ ባሕር ውስጥ ውረዱ አሏቸው፤ 45 ሞቱ። ተስፋ ቆርጦ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ምን ሕግ ጣሰ? ሕግ ካልሽ ደግሞ የባሕር ሕግ አለ። የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 98 ባሕር ላይ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ማንኛውንም ሰው መርዳት ግዴታ ነው ይላል። ፓስፖርቱን እይ አይልም። ምጽዋ ላይ ገና ምልምል ሳለሁ አለቆቻችን ያስተማሩን ይህንኑ ነው፤ የድረሱልኝ ጥሪ ከሰማህ መንገድህን ትለውጣለህ።

አስጫኟ፦ እሺ፤ ሥራው እንዴት ይሠራ ካሉኝ ከእኔ ሙያ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ የንግድ መርከብ ወደ ስጋት ቀጣናው ሲገባ ለብሪታንያው የባሕር ንግድ መረጃ ማእከል ይመዘገባል፤ የት እንዳለ በየቀኑ ያሳውቃል። ማእከሉ ለብዙ ዓመታት እዚሁ ዱባይ ነበር። አጠራጣሪ ጀልባ ከቀረበው በአንድ ስልክ ይደውላል፤ ማስጠንቀቂያው በደቂቃዎች ውስጥ አካባቢው ላለ መርከብ ሁሉ ይደርሳል። እኔም ዴራ ተቀምጬ የደንበኛዬ ጭነት የት እንደደረሰ በስልኬ አያለሁ። ለብረትና ለጨርቅ ይህን ያህል ዓይን ካለ፣ ከኦቦክ ሰሜን ካለው ዳርቻ በሌሊት ለምትነሣ ጀልባም ሊኖር ይችላል። ጀልባዋ መሣሪያ አታበራም፤ ግን ከየትኞቹ ዳርቻዎች እንደምትነሣና የት እንደምታራግፍ ይታወቃል። አልፎ አልፎ የሚሄድ መንገድ አይደለም፣ የዘወትር መስመር ነው።

መርከበኛው፦ አየሽ፣ ይህን እኔ አላስብም ነበር። ቀጥይ።

አስጫኟ፦ ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ከምትሰምጥ ጀልባ ላይ ሆኖ የሚደውል ልጅ የሚናገረው አማርኛ ነው፣ ኦሮምኛ ነው፣ ትግርኛ ነው። ስልኩን የሚያነሣው የሚሰማው ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ ነው። ኢትዮጵያ ወደብ ባይኖራት በየማእከሉ ሌት ተቀን ስልክ የሚያነሡ፣ እነዚህን ቋንቋዎች የሚችሉ ሰዎች መመደብ አያቅታትም። ይህ የማንንም ድንበር አይነካም፤ ብዙ ወጪም የለውም።

መርከበኛው፦ ሦስተኛው የሞቱት ጉዳይ ነው። ሸሽተው የሄዱ ልጆች ስማቸው ሳይታወቅ የየመን ዳርቻ ላይ ይቀበራሉ። እናት ወሎ ተቀምጣ ዓመት ሙሉ ስልክ ትጠብቃለች። አስከሬን ሲገኝ አሻራ ተነሥቶ፣ ልብሱ ተመዝግቦ፣ ቤተሰብ የሚጠይቅበት አንድ ቦታ ይኑር። አገራችን አሁን ፋይዳ በሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ ላይ አሻራ ትይዛለች። መረጃው ለፖሊስ ማሳደጃ እንዳይውል ተጠብቆ፣ ሟችን ለመለየት ሊያገለግል ይችላል።

አስጫኟ፦ ገንዘቡስ? የጅቡቲ ባሕር ዘብ ጀልባና ነዳጅ ይፈልጋል፤ የየመኑ ከዚያ የባሰ ችግር ላይ ነው። እኔ የምጽፈው ደረሰኝ ላይ የጦርነት ስጋት መድን እያልኩ እጨምራለሁ፤ ደንበኛው ይከፍላል። ለመድን የሚሰበሰብ ገንዘብ ካለ ለማዳን የሚሰበሰብም ሊኖር ይችላል እላለሁ። ለምሳሌ ከእያንዳንዱ ኮንቴይነር ትንሽ ነገር።

መርከበኛው፦ ኮንቴይነሩ ላይ የጣልሽው መጨረሻ የሚያርፈው መርካቶ ላይ ዘይትና ሳሙና የሚገዛው ድሃ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ የሟቹ አባት ነው። ይልቅ ሌላ ምሳሌ አለ። ነዳጅ ጫኝ መርከብ ዘይት ሲያፈስ ተጎጂውን የሚክስ ዓለም አቀፍ ገንዘብ አለ፤ ጽሕፈት ቤቱ ለንደን ነው። ገንዘቡን የሚያዋጡት በአባል አገሮች በባሕር የመጣ ዘይት በብዛት የሚረከቡ ኩባንያዎች ናቸው። ከባሕሩ የሚያተርፈው ለባሕሩ ጉዳት ይክፈል የሚል ሐሳብ ነው፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል። በዚህ ቀጣና ወደብ የሚያስተዳድሩ፣ ነዳጅ የሚሸጡ፣ መርከብ የሚያንቀሳቅሱ ባለጸጋዎች አሉ። ለማዳኑ ሥራ መዋጮ ቢጠየቁ ተገቢ ነው። ይህችም አገር ከ2019 እስከ 2021 የሕንድ ውቅያኖስ አዋሳኝ አገሮች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች፤ የባሕር ደኅንነትና ዓሣ ሀብት የማኅበሩ ዋና አጀንዳዎች ናቸው። ሐሳቡን የሚሰማ መድረክ አለ።

አስጫኟ፦ መድረክ ካሉ አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ጃንዋሪ 2020 ላይ ሪያድ ውስጥ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ አዋሳኝ አገሮች ምክር ቤት ሲቋቋም ስምንት አገሮች ገቡ፤ እኛ አልተጠራንም። እኛ ደግሞ «ባሕር፣ ባሕር» ስንል ጎረቤቶች ይደነግጣሉ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ሶማሊያ ምን ያህል እንደተቆጣች አይተናል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አንካራ ውስጥ እስኪነጋገሩ ድረስ ዕቃ ላኪው ሁሉ ጦርነት ይነሣ ይሆን እያለ ነበር። ባሕር ኃይሉም እንደገና እየተቋቋመ ነው። እርስዎ የባሕር ኃይል ሰው ነዎት፤ ይህን እንዴት ያዩታል?

መርከበኛው፦ ባሕር ኃይላችን በ1950ዎቹ ሲመሠረት እኔ ገና አልተወለድኩም ወይም እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። በ1991 ሲበተን ግን ሙሉ ሰው ነበርኩ። መርከቦቻችን ሸሽተው የመን ገቡ፤ ጓደኞቼ በየአገሩ ተበተኑ። እንደገና ተቋቋመ ሲባል ልቤ ደስ አላለው ብልሽ ውሸት ነው። የወደብ ጥያቄውም ለ100 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ሕዝብ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ በንግግር መፈታት አለበት። ግን ጎረቤት የሚያምነን ምን ይዘን ስንመጣ ነው? አዲሱ ባሕረኛ መጀመሪያ የሚማረው የነፍስ አድን ሥራ ይሁን። በባሕር ዳር ከተማ የባሕር ምሕንድስና ተምረው በዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩ ልጆች አሉን። ከእነሱ መካከል ከጅቡቲ ባሕር ዘብ ጋር፣ በጅቡቲ አዛዥነትና በጅቡቲ ባንዲራ ሥር፣ በማዳን ጀልባ ላይ የሚሠሩ ይመደቡ። የጦር ሰፈር ስንጠይቅ የሚደነግጥ ጎረቤት፣ የራሳችንን የሚሰምጥ ልጅ አብረን እናውጣ ስንለው እምቢ ለማለት ምክንያት ያጣል።

አስጫኟ፦ ዓሣውስ? ቀደም ብለው አንሥተውት ነበር።

መርከበኛው፦ እዚያም ልንጠይቀው የምንችለው ድርሻ አለ፤ ኃላፊነትም አለን። የባሕር ሕጉ አንቀጽ 69 የባሕር በር የሌላቸው አገሮች በአካባቢያቸው ካሉ የባሕር ዳርቻ ያላቸው አገሮች የኢኮኖሚ ቀጣና ከተረፈው ዓሣ በስምምነት ተገቢ ድርሻ እንዲያገኙ ይፈቅዳል። ቁልፉ «ከተረፈው» የሚለው ነው፤ ዓሣው ካልተጠበቀ የሚተርፍ የለም። እኛ ደግሞ ትልቅ ገበያ ነን። የበርበራና የጅቡቲ አጥማጅ በሕጋዊ መንገድ ያጠመደውን በበረዶ መኪና ድሬዳዋና አዲስ አበባ ቢያደርስ፣ በጾሙ ወቅት የሚበላው ሕዝብ አለ። ሕጋዊ ዓሣ ብቻ የሚገዛ ጎረቤት ለአጥማጁ ከጦር መርከብ ያልተናነሰ ጥበቃ ነው። ሥራ ያገኘ ወጣት ለወንበዴም ለደላላም አይገኝም።

አስጫኟ፦ አሁን ገባኝ። እኔ ከመጀመሪያው ጭነቱን አስቀድሜ ነበር የማስበው፤ እርስዎ ሰውን አስቀድመው፣ ዓሣውን አስከትለው፣ ጭነቱ በእነሱ ላይ ይደላደላል ይላሉ። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ልጆቹ አገራቸው ላይ ሥራና ሰላም ካላገኙ የባሕሩ ትብብር ምን ያህል ይዘልቃል?

መርከበኛው፦ አይዘልቅም። ዋናው መድኃኒት አገር ቤት ነው፤ ይህን ባሕር ላይ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን አገር እስኪስተካከል ድረስ ዛሬ ማታ የሚሳፈር ልጅ አለ። ሁለቱን አብሮ መሥራት እንጂ አንዱን ለሌላው ማቆያ ማድረግ አይገባም።

አስጫኟ፦ እንግዲያው ከዚህ በኋላ የባሕር ደኅንነት ስብሰባ መግለጫ ሲወጣ የማነበው በእርስዎ መለኪያ ነው። ስንት መርከብ ታጀበ ከሚለው ቀጥሎ ስንት ሰው ዳነ የሚል ቁጥር አለ ወይ? ያለ ፈቃድ ሲያጠምድ የተያዘና የተቀጣ መርከብ ስሙ ተጠርቷል ወይ? የሰጠሙት ልጆች ስማቸው ለቤተሰብ ደርሷል ወይ? እነዚህ ከሌሉበት መንገዱ ተጠበቀ ቢሉኝም አልቀበልም። እዚህ ያለነው ኢትዮጵያውያን በየማኅበራችን፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ለቆንስላችን እንደዚሁ ብለን መጠየቅ እንችላለን።

መርከበኛው፦ እንችላለን፤ ይገባናልም። ከ2009 ጀምሮ ፊርማችን ደንቡ ላይ አለ። ሟቾቹ የእኛ ናቸው። ባለጉዳይ ነን ለማለት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፤ የጎደለው ወንበራችን ላይ ተቀምጦ መናገር ብቻ ነው።